ካልሲ የለበሰው የፍሬቻ ጯሂ

ዳሽቦርዱ ሥር ጭንቅላቴን ሳስገባ መጀመሪያ ያየሁት ካልሲ ነበር። ግራጫ የሱፍ ካልሲ ነው፤ አፉ በላስቲክ ታስሮ ቀይና ጥቁር ሽቦ ከውስጡ ወጥቷል። "ይህን ማን አለበሰው?" ብዬ ስጠይቅ ጎረቤቴ አልመለሱልኝም፤ ዓይናቸውን ብቻ ወደ ቤታቸው መስኮት ላኩ። ባለቤታቸው ከመጋረጃው ጀርባ ቆመው ያዩን ነበር።

ካልሲውን አወለቅሁትና ቁልፉን አዙሬ የግራውን ፍሬቻ አበራሁ። የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማውን ጩኸት የሚያውቅ ሰው፣ ያንኑ ድምፅ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ቢያስበው ይቀርበዋል። ፍሬቻው በበራ ቁጥር ይጮኻል፣ በጠፋ ቁጥር ዝም ይላል፤ በደቂቃ 90 ጊዜ ያህል። ጋራዡ ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ድምፁ እየተመለሰ ጥርሴ ውስጥ ገባ። መስኮቱ ላይ የነበረው መጋረጃ ተዘጋ።

ነገሩ የሆነው በእንግሊዝ አገር፣ እኔ ከምኖርበት መንገድ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ነው። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸው 71። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ፣ የሌላውን መኪና ዕቃ ለሌላው እያስማማን በምንሠራበት ጋራዥ ነው። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ኑሮዬ የጭነት መኪናዎች ሽቦ መፈለግ ሆኗል። እንዲህ ያለ መኪና ግን ከዚያ በፊት ከቅርብ አይቼ አላውቅም ነበር።

ኪት ካር ይሉታል። አንድ ድርጅት ሻንሲውን፣ የአሉሚኒየም ገላውንና ዋና ዋና ዕቃዎቹን በሣጥን ይሸጣል፤ ገዢው ሞተሩንና ካምቢዮውን ከአሮጌ መኪና ፈትቶ ራሱ ይገጣጥማል። የጎረቤቴ መኪና ሎተስ ሰቨን የተባለችውን የእሽቅድምድም መኪና መልክ የያዘ ነው፦ ረጅም ኮፈን፣ ከመኪናው ገላ ተነጥለው የቆሙ የፊት ጎማዎች፣ ጣራ የለ፣ በር የለ። ኮሊን ቻፕማን ሎተስ ሰቨንን ገበያ ላይ ያዋላት በ1957 ነው። ያን ጊዜ በብሪታንያ ተሠርቶ ባለቀ መኪና ላይ ከባድ የግዢ ግብር ይጣል ስለነበር፣ ተፈትታ የምትሸጥ መኪና ግብሩን ታመልጥ ነበር። በ1973 ግብሩ በሌላ ሲተካ ያ ጥቅም ቀረ፤ በዚያው ዓመት ሎተስም የሰቨንን የማምረት መብት ካተራም ለተባለው ኩባንያ አስተላለፈ። ጥቅሙ ቢቀርም መኪናን በገዛ እጅ የመሥራቱ ፍቅር አልቀረም። ጎረቤቴ የእርሳቸውን ለመጨረስ 9 ክረምት ፈጅተዋል። እያንዳንዱን ሽቦ በወረቀት ላይ ስለው በአንድ ወፍራም አቃፊ ይዘዋል። እንደዚያ ያለ አቃፊ ሶማሌ ተራ ቢኖረን ኖሮ ዕድሜያችን ባልተበላ ነበር።

እንግዲህ መኪናው ለምን ይጮኻል? በተራ መኪና የፍሬቻው ማንሻ ያለው መሪው ሥር ነው። መሪውን አዙረው ሲመልሱት፣ ከመሪው ጋር የሚዞር አንዲት ጥርስ ማንሻውን ገፍታ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች፤ ፍሬቻው ራሱ ይጠፋል። ይህን ማንም ልብ አይለውም። በጎረቤቴ መኪና ግን መሪው አነስተኛ የእሽቅድምድም መሪ ነው፤ ጥርሷም የለች፣ ማንሻውም የለም። ፍሬቻው የሚበራው ዳሽቦርዱ ላይ ባለች፣ ግራና ቀኝ በምትገፋ ትንሽ ማብሪያ ነው። አብርተው ካላጠፉት እስከ ስኮትላንድ ድረስ ይበራል።

አረንጓዴ አመልካች መብራት አለው። ነገር ግን ጣራ በሌለው መኪና ውስጥ ፀሐይ በቀጥታ ስታርፍበት አመልካቹ መብራቱን የሚያውቅ የለም። ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ዕቃ፣ የፍላሸሩ፣ "ጭክ ጭክ" የሚለው ድምፅም ነፋሱና የሞተሩ ጩኸት ውስጥ ይሰጥማል። ስለዚህ አንድ ቀን ጎረቤቴ ከአንድ አደባባይ ወጥተው የግራ ፍሬቻቸውን ሳያጠፉ ሁለት ማይል ያህል ይነዳሉ። በስተግራ ካለ ቅያስ አንድ የዕቃ መኪና ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ነጂው "እኚህ ሰው ወደ እኔ ሊታጠፉ ነው" ብሎ ወጣ። የጎረቤቴ መኪና አንድ ሜትር ሲቀረው ቆመ። የብሪታንያ የመንገድ ደንብ ምልክት ሰጥታችሁ ስትጨርሱ አጥፉ ይላል፤ ምልክት ማሳየት ቅድሚያ አይሰጥም ብሎም ያስታውሳል። ስለዚህ ሁለቱም ጥፋት ነበረባቸው ማለት ይቻላል፤ ከኮፈኑ ወዲያ ግን ሌላ መከለያ የሌለው ሰው የጥፋት ድርሻ በማስላት አይጽናናም። ጎረቤቴ በዚያው ሳምንት ከአንድ የዕቃ መደብር ባዘር የሚባለውን ትንሽ ጯሂ ገዝተው አሰሩ። ጀርባው ላይ "12 ቮልት፣ 105 ዴሲቤል" የሚል ጽሑፍ አለው፤ ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው።

(ፍሬቻ የምንለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ፍቺው ቀስት ነው። የጥንቶቹ መኪናዎች ፍሬቻ በእርግጥም ከመኪናው ጎን ብድግ የሚል ክንድ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የታክሲው ፍሬቻ ሲበላሽ ረዳቱ እጁን በመስኮት ያወጣል። ያ እጅ ሥራው ሲያልቅ ሳይረሳ ይመለሳል።)

የእኔ ሥራ ግን ከዚህ በኋላ ነው የሚጀምረው። ባለቤታቸው "ወይ ጯሂው፣ ወይ እኔ" ብለዋል። ለሁለት ዓመት ያህል መኪናው ውስጥ አልተቀመጡም። ጎረቤቴ ደግሞ "ያን ያህል አይጮኽም፣ ታጋንናለች" ይላሉ። በዚህ ክርክር ውስጥ መግባት አልፈለግሁም፤ ነገር ግን ሁለቱም እውነታቸውን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም።

አንደኛ፣ ጯሂው የታሰረው ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ነው። እዚህ አገር መሪው በቀኝ ስለሆነ በግራ የሚቀመጡት ሚስትየው ናቸው። የድምፅ ምንጭ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር፣ ክፍት ቦታ ላይ ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ እርሳቸው ጋ የሚደርሰውና ባላቸው ጋ የሚደርሰው አንድ አይደለም። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያሉ ጯሂዎች የሚጮኹት በ3 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ነው። የሰው ጆሮ ከሁሉ ይልቅ ንቁ የሚሆንበት ክልል ይህ ነው፤ ፋብሪካዎቹም የመረጡት ለዚሁ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ጆሮ ቀድሞ የሚደክመው በቀጭኑ ድምፅ በኩል ነው። ጎረቤቴ 9 ክረምት ሙሉ ብረት ሲሞርዱና ሲቆርጡ የጆሮ መከላከያ እንዳላደረጉ ራሳቸው ነግረውኛል። እኔ ጥርሴን ያመመኝ ድምፅ ለእርሳቸው የሩቅ ወፍ ነው። ይህን በጨዋ ቋንቋ ለማስረዳት የተጠቀምኩበትን ዘዴ አልናገርም፤ ብቻ አልተቀየሙኝም።

ሦስተኛው ምክንያት የሙያ ነው። ጯሂው በሁለት ብሎን የተጣበቀው በስስ አሉሚኒየም ላይ ነው። የማሲንቆ ድምፅ የሚጎላው ከሥሩ በተወጠረው ቆዳ እንደሆነ ሁሉ፣ አሉሚኒየሙም አብሮ እየተንቀጠቀጠ ድምፁን ያሳድገዋል። ጯሂውን ፈትቼ በእጄ ስይዘው ልዩነቱ ወዲያው ተሰማ።

ስልኬ ላይ ባለ የድምፅ መለኪያ ለካሁ። ስልክ ለፍርድ ቤት ማስረጃ አይሆንም፤ ለማነጻጸር ግን ይበቃል። ሞተሩ ጠፍቶ በነጂው ጆሮ አጠገብ 91፣ በተሳፋሪው ጆሮ አጠገብ 97 አሳየ። ቀጥሎ ወደ መንገድ ወጣን፤ ጎረቤቴ ይነዳሉ፣ እኔ ስልኩን እይዛለሁ። በሰዓት 60 ማይል፣ ማለትም 97 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንደርስ ፍሬቻው ጠፍቶም ነፋሱና ሞተሩ ብቻቸውን 95 ደረሱ። ቆመን ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ግን 70 ነበር። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነበር፤ እኔ ግን ያን ቀን አላየሁትም።

መጀመሪያ ያደረግሁት ማንም የሚያደርገውን ነው፤ ድምፁን መቀነስ። ከካልሲው ይልቅ የጯሂውን ቀዳዳ በጨርቅ ፕላስተር ሸፈንሁት። ጋራዡ ውስጥ ግሩም ሆነ። በ50 ማይል ግን ምንም አይሰማም፤ የሞተሩ ሙቀትም በሁለተኛው ቀን ፕላስተሩን አላቀቀው። ቀጥሎ ሬዚስተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የሚገታ ትንሽ ዕቃ፣ አስገባሁ፤ የመግታት አቅሙ የሚለካው በኦም ነው። ጯሂው በ13.8 ቮልት 12 ሚሊ አምፔር ይወስዳል፤ ይህም ከ1,150 ኦም ጋር ይመሳሰላል። 1 ኪሎ ኦም በመስመሩ ላይ ሲገባ ለጯሂው የሚደርሰው 7.4 ቮልት ገደማ ነው፤ 2.2 ኪሎ ኦም ሲገባ 4.7። ጯሂ እውነተኛ ሬዚስተር ስላልሆነ ሒሳቡ ግምት ነው፤ ነገር ግን ቮልቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል ብሎ መነሣት አያሳስትም። መምህሩ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። ወረቀት አምጥተው ግራፍ ሳሉ።

የሒሳብ መምህር ይዞ የመሥራት ጥቅሙ ያኔ ታየኝ። ግራፋቸው ላይ ሁለት መስመር አሰመሩ፦ አንዱ መኪናው ቆሞ የሚያስቸግረው የድምፅ መጠን፣ ሌላው በ60 ማይል ለመሰማት የሚያስፈልገው። ሁለቱ መስመሮች አይገናኙም። ሲቆሙ የማያናድድ ድምፅ ሲነዱ አይሰማም፤ ሲነዱ የሚሰማ ድምፅ ሲቆሙ ያሳብዳል። በመካከላቸው 25 ዴሲቤል የሚያህል የመንገድ ጩኸት ቆሟል። የፈለግሁትን ሬዚስተር ብመርጥ ከሁለቱ አንዱን ማበላሸቴ ነው።

እርሳሳቸውን አስቀምጠው፣ "ታዲያ ስንቆም ለምን ይጮኻል?" አሉኝ።

ጥያቄው ትክክል ነበር። ባለቤታቸውን የሚያሰቃያቸው ስንነዳ አይደለም፤ በ60 ማይል ነፋሱ ራሱ ሁሉን ያስረሳል። የሚያሰቃያቸው የትራፊክ መብራት ላይ ቆመው፣ ፍሬቻው በደንብ እየተፈለገ፣ ነጂውም እየሠራ መሆኑን ጠንቅቆ እያወቀ፣ ጯሂው ለደቂቃ ተኩል ሲወጋቸው ነው። መኪናው ጣራ የሌለው ስለሆነ መንገደኛ ሁሉ ዘወር ብሎ ያያል፤ አንዳንዱም ወደ ኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና መስሎት ይሸሻል። ፍሬቻ የሚረሳ ሰው ግን ቆሞ አይረሳም። የሚረሳው ታጥፎ ከጨረሰ በኋላ እግሩን ነዳጁ ላይ አድርጎ ሲሄድ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ የሞተር ብስክሌት ጠጋኝ ያሳየኝ ብልሃት ትዝ አለኝ። የሞተር ብስክሌት ፍሬቻም ብዙ ጊዜ በእጅ የሚጠፋ ነው። ብልሃቱ የጯሂውን ኔጋቲቭ ሽቦ ከመኪናው ገላ ነቅሎ ከፍሬን መብራት ሽቦ ጋር ማገናኘት ነው። ፍሬን ሳይያዝ የፍሬን አምፖሉ ሽቦ በቀዝቃዛው የአምፖል ክር በኩል ከኔጋቲቭ ጋር የተገናኘ ያህል ነው፤ 12 ሚሊ አምፔር በዚያ ሲያልፍ 21 ዋቱ አምፖል አይነቃም፤ ጯሂው ይጮኻል። ፍሬን ሲረገጥ ያው ሽቦ 12 ቮልት ይሆናል፤ የጯሂው ሁለቱ ጫፎች እኩል ቮልት ያገኛሉ፤ ልዩነት ከሌለ ጉልበት የለምና ዝም ይላል። አንድ ሽቦ ብቻ ቦታ ይቀይራል፤ የሚገዛ ዕቃ የለም። ይህን መጀመሪያ ስሰማ ሁለት ቀን ሳቅሁ፤ እንዲህ ያለ ንጽሕና በሙያችን ብዙ አይገኝም።

በልበ ሙሉነት ሠራሁት፤ በልበ ሙሉነትም አበላሸሁት። ከፍላሸሩ 49ኤ ከሚባለው እግር የሚነሣው የጯሂው ፖዘቲቭ ሽቦ መጋጠሚያው ዝጎ ስለነበር፣ ፍላሸሩ ደግሞ በሪቬት ከተመታ ሰሌዳ ጀርባ ስለተደበቀ፣ ፖዘቲቩን በቅርብ ከማገኛቸው ከግራና ከቀኝ አረንጓዴ አመልካቾች ሽቦ ልውሰድ አልኩ። ሁለቱን ገፈፍኩ፣ ጠመዘዝኳቸው፣ ከጯሂው ጋር በየድኳቸው። ፍሬቻውን ወደ ግራ ስገፋው አራቱም ማዕዘን በራ። ጎረቤቴ በትሕትና ዝም አሉ። ግራውንና ቀኙን እኔው ራሴ አንድ አድርጌያቸዋለሁ፤ የግራው ኤሌክትሪክ በጯሂው መጋጠሚያ ዞሮ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ይህን ስሕተት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ቢሠራው እቆጣ ነበር። መድኃኒቱ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ፣ ሁለት ዳዮድ ነው፤ በየሽቦው አንድ፣ አቅጣጫቸው ወደ ጯሂው። ዋን ኤን 4007 የሚባለው ተራ ዳዮድ ይበቃል። ዳዮዶቹ ሌላም ጥቅም አላቸው፤ ፍሬን ተይዞ ፍሬቻው በሚጠፋበት ቅጽበት ከፍሬን መብራቱ የሚነሣው ቮልት በጯሂው ውስጥ ተገልብጦ እንዳያልፍ ይዘጋሉ።

ፍሬቻው ተስተካከለ። ጯሂው ግን በጩኸት ፈንታ እንደ ታመመ ጫጩት "ጪው፣ ጪው" አለ። በመልቲሜትር፣ ማለትም በቮልት መለኪያ፣ ስለካ ጯሂው ላይ ያለው 5 ቮልት ብቻ ነው። የቀረው የት ሄደ? መብራቱን አጥፍተን ጋራዡ ሲጨልም ምክንያቱ ከኋላ ታየ፦ የፍሬን መብራቶቹ በፍሬቻው ምት ልክ ድምቀት በሌለው ቀይ ብልጭ ድርግም ይሉ ነበር። ጎረቤቴ ባለፈው ክረምት የፍሬን አምፖሎቹን በኤልኢዲ ቀይረዋቸው ኖሯል፤ አቃፊያቸው ውስጥም ተጽፏል፤ እኔ ገጹን አላገላበጥኩትም። የአምፖል ክር ለማንኛውም ጉልበት መንገድ ይከፍታል፤ በተከታታይ የታሠሩ ኤልኢዲዎች ግን ጥቂት ቮልት ካላገኙ አያሳልፉም፤ ያሳለፉትን ያህልም ይበራሉ። ሳይያዝ የሚያብለጨልጭ የፍሬን መብራት ከሚጮኽ ጯሂ የባሰ ነው። ከኋላ የሚመጣውን ሰው ማታለል ነውና ያን ምሽት ሽቦውን ነቅዬ ሄድሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ ነበረ። አንዱ ከፍሬን መብራቱ ጎን ለጎን አንድ ሬዚስተር ማሰር ነው፤ 100 ኦም ቢሆን ለጯሂው በቂ መንገድ ይከፍታል፤ ፍሬን ሲያዝ ግን 2 ዋት ያህል ሙቀት ስለሚያወጣ የ5 ዋት ሬዚስተር ያስፈልገዋል። ሌላው ባለ አምስት እግር ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚነቃ ማብሪያ ነው። ሪሌው በዕረፍቱ ጊዜ 30 የተባለውን እግር 87ኤ ከተባለው እግር ጋር ያገናኛል፤ የጯሂው ኔጋቲቭ በዚያ በኩል ወደ መኪናው ገላ ይወርዳል። ፍሬን ሲረገጥ የፍሬን መብራቱ ሽቦ የሪሌውን የሽቦ ጥቅል ያነቃዋል፤ መስመሩ ይከፈታል፤ ዝምታ።

ሬዚስተሩ ርካሽና ቀላል ነው። እኔ ሪሌውን መረጥሁ። ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ የሠራሁት ነገር ሲበላሽ ወደ የትኛው ወገን ይበላሻል? ሬዚስተሩ ከተበጠሰ ጯሂው ዝም ይላል፤ ዝም ማለቱን ደግሞ ማንም አያውቅም፤ ቅያሱ ላይ ሌላ የዕቃ መኪና እስኪወጣ ድረስ። የሪሌው ጥቅል ከተቃጠለ ግን ጯሂው ሁልጊዜ ይጮኻል፤ ሚስትየው በዚያው ቀን ስልክ ይደውሉልኛል። ውስጡ ዳዮድ ያለበትን ሪሌ ገዛሁ፤ ጥቅሉ ሲጠፋ የሚረጨው የቮልት ብልጭታ የፍሬን ኤልኢዲዎቹን እንዳይጎዳ። እንዲህ ያለው ሪሌ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተለዋውጦ ሊታሰር አይችልም፤ ሳይታይ የታሰረ እንደሆነ ዳዮዱ በአፍታ ይቃጠላል፤ ፊውዙም ይከተለዋል።

ጯሂውን ከአሉሚኒየሙ አንሥቼ በወፍራም ጎማ ላይ አሰርሁት፤ ቦታውንም ከተሳፋሪው ጉልበት ወደ መሪው ዘንግ አጠገብ አዛወርሁ። በመስመሩ ላይ ያስቀረሁት ሬዚስተር 470 ኦም ብቻ ነው፤ ይህ 3 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ከዚያ በላይ መቀነስ አላስፈለገም። በ60 ማይል ሞከርነው፤ ነፋሱ በአብዛኛው ወፍራም ድምፅ ስለሆነ ቀጭኑ ጩኸት በላዩ ተንሳፍፎ ይሰማል፤ ጎረቤቴም በእነዚያ ጆሮዎቻቸው ሰሙት። መብራት ላይ ስንቆም ፍሬኑን ረገጡ፤ የመንገዱ ድምፅ ብቻ ቀረ። የፍሬቻውን ምት ቆጠርሁ፤ በደቂቃ 88። እዚህ አገር በዓመታዊ ምርመራ የሚፈቀደው ከ60 እስከ 120 ነው፤ እዚያ ላይ የነካሁት ነገር የለም። አመልካቹን በተመለከተም ስጋት አልነበረኝም፤ የተባበሩት መንግሥታት የመኪና መብራት ደንብ ቁጥር 48 የፍሬቻ አመልካች በብርሃን፣ በድምፅ ወይም በሁለቱም ሊሆን እንደሚችል ይፈቅዳል፤ አረንጓዴው መብራት ደግሞ እንዳለ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ሚስትየው ናቸው። "በጣም ጥሩ ነው፤ አሁንም ይጮኻል" አሉ፤ የእንግሊዝ ሰው ወቀሳ ሲጀምር በምስጋና ነው። ሄጄ ከጎረቤቴ ጋር ተሳፈርሁ። የትራፊክ መብራት ጋ ስንደርስ ጎረቤቴ ፍሬን ይዘው ቆሙ፤ ጸጥታ። ከዚያም የእጅ ፍሬኑን ሳቡና እግራቸውን አነሡ። ጯሂው ቀጠለ።

እኔ መብራት ላይ ስቆም ፍሬኑን እንደረገጥሁ ነው። እርሳቸው ግን በደንቡ ነው የሚሄዱት፤ የብሪታንያ የመንገድ ደንብ በቆመ ሰልፍ ውስጥ የእጅ ፍሬን ያዙና ከኋላ ያለው መኪና ከቆመ በኋላ እግራችሁን አንሡ፣ የፍሬን መብራታችሁ የኋላውን ሰው ዓይን አይውጋ ይላል። ደንበኛዬ ሕግ ስለሚያከብር የእኔ ሥራ ተበላሸ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ወደ ሥራ ከመግባቴ በፊት ሲነዱ ቁጭ ብሎ ማየት የእኔ ፈንታ ነበር።

ሁለተኛ ሪሌ ጨመርሁ። የእጅ ፍሬኑ ሥር ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት የምታበራ ትንሽ ማብሪያ አለች፤ የእጅ ፍሬን ሲሳብ ሽቦዋን ከኔጋቲቭ ጋር ታገናኛለች። የሁለተኛውን ሪሌ ጥቅል ፖዘቲቭ ከቁልፉ በኋላ ካለው መስመር ወሰድሁ፤ ኔጋቲቩን ከዚያች ማብሪያ። የሁለቱን ሪሌዎች 30 እና 87ኤ በተከታታይ አሰርኋቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ከተከፈተ ጯሂው መውረጃ ያጣል። የፍሬን ዘይት መጠን ጠቋሚው በዚያው የቀይ መብራት ሽቦ ላይ የተገናኘበት መኪና ካጋጠማችሁ ሁለቱን በዳዮድ ለዩ፤ አለበለዚያ ዘይቱ ሲጎድል ጯሂውም አብሮ ዝም ይላል። ሁሉም ዕቃ ተደምሮ 20 ፓውንድ አልሞላም። የወሰደው ጊዜ ግን ሦስት ቅዳሜና አንድ የሥራ ቀን ምሽት ነው፤ ይህን ለደንበኛ ደረሰኝ ላይ መጻፍ ያሳፍራል። ለጎረቤት ስለሆነ አልጻፍሁም፤ በፈንታው አንድ ሣጥን ቲማቲም ከጓሯቸው መጣልኝ።

አንዲት ነገር ቀርታ ነበር። መኪናው መንገድ ላይ ሲበላሽ አራቱን ፍሬቻ የሚያበራው ማብሪያ ያለ ቁልፍ ይሠራል። ቁልፉ ከተነቀለ ደግሞ ሁለተኛው ሪሌ ጉልበት ስለማያገኝ፣ የእጅ ፍሬን ቢሳብም ጯሂው ይጮኻል። ለማስተካከል አንድ ሌላ ሽቦ መሳብ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ላደርገው ተዘጋጅቼ ሽቦውን ቆርጬ ነበር። ጎረቤቴ እጄን ያዙኝና እርሳሳቸውን አወጡ። አራት ባለ 21 ዋት አምፖል፣ 84 ዋት፣ 7 አምፔር፤ ግማሹን ጊዜ ስለሚጠፋ በአማካይ 3.5 አምፔር። የመኪናው ባትሪ 40 አምፔር ሰዓት ነው። ጋራዥ ውስጥ አራቱን ፍሬቻ አብርተው ቢረሱ ጠዋት መኪናው አይነሣም፤ ለካ አንድ ጊዜ ደርሶባቸዋል።

"ይህን ተወው" አሉኝ። በኋላ አቃፊያቸውን ሲያሳዩኝ አዲሱን ሥዕል በሁለት ቀለም ስለውታል፤ ሁለቱ ሪሌዎች፣ ሦስቱ ዳዮዶች፣ የሽቦዎቹ ቀለም ሁሉ በየቦታው ነው። ሦስተኛው ዳዮድ ከዘይት ጠቋሚው ጎን መሆኑን ሳይ ገረመኝ፤ እርሳቸው መኪና ላይ ጠቋሚው እንዳለ የነገሩኝ ሥራው ካለቀ በኋላ ነበር፤ ዳዮዱንም ራሳቸው አስገብተውታል። ከአራቱ ፍሬቻ ማብሪያ አጠገብ ደግሞ በእርሳስ ትንሽ ጽሑፍ አለች፦ "ሆን ተብሎ የተተወ።"